የወፈረ የእንጨት ኮላ ለሞዴል ሥራ ይሆናል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ከሁለት ዓመት በፊት ከፍተው ግማሹን የተጠቀሙበት ነጭ የእንጨት ኮላ እንደ እርጎ እንደወፈረብዎ፣ በውኃ ቢያቀጥኑት ለጀመሩት የጎጆ ሞዴል ይይዝ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ከዕድሜው ይልቅ የወፈረበትን ምክንያት መለየት ይቀድማል።

ነጭ ኮላ በውኃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የፖሊቪኒል አሴቴት ቅንጣቶች ነው። ውኃው ወደ እንጨቱ ሲሰርግና ወደ አየር ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዱና አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ አንዴ ከተዋሃዱ ደግሞ የቱንም ያህል ውኃ ቢጨመርባቸው ተመልሰው አይበተኑም። ስለዚህ በላላ ክዳን በኩል ጥቂት ውኃ ተንኖበት ብቻ የወፈረ ኮላ ሊመለስ ሲችል፣ በዕቃው ውስጥ እንዳለ መያያዝ የጀመረው ግን ውኃ ሲገባበት በአጓት ላይ እንደሚንሳፈፍ አይብ ይሆናል።

ለመለየት በመጀመሪያ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ብርድ ብቻውን ኮላን ያወፍራልና ሌላ ምንም ሳያስፈልገው የሚላላበት ጊዜ አለ። ከዚያ በንጹሕ የእንጨት ቁራጭ በዝግታ አማስለው ከፍ ያድርጉት። ልሙጥ ሆኖ ያለማቋረጥ ከወረደ ደኅና ነው። እንደ ማስቲካ ከተሳበ፣ ከጓጎለ ወይም የመበስበስ ሽታና ሻጋታ ካለው ግን አይድከሙበት። መለስተኛ የኮምጣጤ ሽታ የዚህ ኮላ የተለመደ ጠባይ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። በዝገታም ቆርቆሮ የቆየ ኮላ ከሆነ ደግሞ፣ ቢይዝም እንኳ ዝገቱ እንደ ባሕር ዛፍ ያለውን እንጨት ስለሚያጠቁር ለሚታይ ቦታ አይሆንም። በማሸጊያው ላይ ዲ3 ወይም ዲ4 የሚል ምልክት ካለ ኮላው ውኃ እንዲቋቋም የተሠራ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሲወፍር በውስጡ ያለው ማጠንከሪያ ሥራውን ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል እኔ ለማዳን አልሞክርም።

ፈተናውን ካለፈ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በመርፌ ሲሪንጅ እየለኩ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ከ5 በመቶ እንዳያልፉ፤ ማለትም ለ100 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ ውኃ አይገባም። አረፋ እንዳይሠራ በቀስታ አማስለው፣ ከድነው አሳድረው፣ በማግስቱ በአሮጌ ስቶኪንግ ያጥልሉት።

ይህን ልክ አጥብቄ የምናገረው እኔው ራሴ ሥራ ስለተበላሸብኝ ነው። በ1፡100 ልኬት የባቡር ጣቢያ ሞዴል ስሠራ የወፈረ ኮላዬን በዓይን ግምት፣ ምናልባት ሲሶ ያህል ውኃ ጨምሬበት፣ ወተት መስሎ ሲፈስ ደስ ብሎኝ ባለ 2 ሚሊ ሜትር የጣራ ተሸካሚ ጣውላዎችን አያያዝኩበት። ወቅቱ ታኅሣሥ ነበር፤ የምሠራውም ማታ በረንዳ ላይ ነበር። ቀጫጭኖቹ ጣውላዎች ውኃውን ጠጥተው እንደ ቀስት ጎበጡ። ከሳምንት በኋላ ጣራውን በሁለት እጄ ሳነሳው መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ፤ በመጋጠሚያው ላይ የቀረው ነገርም በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ የሚራገፍ ነጭ ዱቄት ነበር። ለጊዜው ኮላው አርጅቷል ብዬ ፈርጄበት ነበር። በኋላ ግን ከዚያው ዕቃ ያልቀጠነውን ቀን ላይ በሞቀ ክፍል ስሞክረው እስከ ዛሬ ይዞልኛል። ነጩ ዱቄት የብርድ ምልክት ነው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ የብዙዎቹ ነጭ ኮላዎች ቅንጣቶች ሳይዋሃዱ ይደርቃሉ። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች መውረዱ የተለመደ ነው።

ወፍራሙን እንዳለ ልጠቀምበት ቢሉስ? ለወንበር ሠሪ ብዙም ችግር የለውም፤ በሞርሳ ሲያጠብቀው ትርፉ በጎን ይወጣለታል። እኛ ግን የምንይዘው በጣትና በልብስ መቆንጠጫ ስለሆነ ወፍራሙ ኮላ በመካከል ይቀራል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተርፍ እንኳ፣ ተደርድረው በሚያያዙ 12 መጋጠሚያዎች ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆንና ክፈፉ መስኮቱ ውስጥ አልገባ ይላል። ክፍተት ይሞላልኛል ማለትም አያዋጣም፤ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ይኮማተራል።

ከማናቸውም ነገር በፊት ከሚሠሩበት እንጨት ሁለት ቁርጥራጭ ጎን ለጎን አጣብቀው 24 ሰዓት ካቆዩ በኋላ ይስበሩት። እንጨቱ ራሱ ተሰንጥቆ ስንጣሪው ኮላው ላይ ከቀረ እምነት ይጣልበታል፤ በኮላው መስመር ልሙጥ ሆኖ ከተላቀቀ አይጣልበትም።

አዲስ ሲገዙ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀነሰ የሚሸጠውን ቢያስቀሩት ይሻላል፤ የተመረተበትን ቀን አያውቁትም፣ እኔም አንድ ጊዜ አስቀድሞ በውኃ የቀጠነ ገዝቻለሁ። የተረፈዎትን አየር እንዳይኖረው እስከ አፉ ወደሚሞላ ትንሽ ጠርሙስ አዛውረው ያስቀምጡ።

ለእርስዎ ጎጆ፣ ምሰሶውን፣ ወጋግራውንና ማገሩን በአዲስ ኮላ ቢሠሩ እመርጣለሁ፤ 100 ሚሊ ሊትር በቅቶ ይተርፍዎታል። አሮጌውን ካልሸተተና ካልጓጎለ በእኩል ውኃ በጥብጠው፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው ለግቢው አፈርና ሰጋቱራ መርጫ ያድርጉት። የሣር ክዳኑንም በዚሁ መያዝ ይቻላል፤ ሣሩን በትንሽ በትንሹ ብቻ ያርጥቡት፣ አለበለዚያ ውኃው ወርዶ ማገሩን ያጎብጠዋል።