400 ሊትር አኳሪየም በቀዝቃዛ ሳሎን፦ ሂተር ከመጨመርህ በፊት

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ልድገምና ወደ መልሱ ልግባ። አኳሪየሙ (የዓሣ ገንዳው) 150 በ50 በ55 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 400 ሊትር ይይዛል። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ሳሎኑ ሌሊት 15 ዲግሪ ይደርሳል። ባለ 300 ዋቱ ሂተር (የውሃ ማሞቂያው) ሲነድ አድሮ ጠዋት ውሃው 26 ሊሆን ሲገባው 23 ላይ ነው። ክዳን የለውም። "ባለ 500 ልግዛ ወይስ ሳሎኑን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላሙቅ?" ብለሃል። ሁለቱንም አታድርግ። የጎደለህ ዋት አይደለም፤ ሙቀቱ እየሸሸብህ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የ10 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 5 ዋት ያስወጣል። አራቱ ጎኖች 2.2 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ውሃው 26 ክፍሉ 15 ሲሆን ልዩነቱ 11 ስለሆነ በጎን ብቻ 120 ዋት ይሄዳል። ክፍት የሆነው አናት ደግሞ ብቻውን ሌላ 120 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ከታች በኩል 25 ወይም 30 ጨምርበት። ድምሩ ወደ 270 ዋት ነው። ሂተር ላይ የተጻፈው ዋት ደግሞ የሚገኘው ቮልቴጁ 220 ሲሆን ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ 190 ከደረሰ፣ 300 ዋቱ 224 ይሆናል። 270 እያፈሰስክ 224 ብትጨምር ውሃው 26 አይደርስም። ሂተሩ አልተበላሸም፤ ተሸንፎ ነው።

1. መጀመሪያ ክዳን። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በቀን ሁለት ሦስት ሊትር የምትሞላ ከሆነ እስከ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚደርስ መብራት ወደ ጣሪያ እየሰደድክ ነው። ከአኳሪየሙ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእጅህ ዳብሰው፤ ከርጥበቱ የተነሳ ቀለሙ መላጥ ከጀመረ የመብራት ሂሳብህን ግድግዳው ላይ እያየኸው ነው። ባለ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ሁለት ቦታ አስቆርጥ፤ አንድ ወጥ ከሆነ ለማንሳት ይከብዳል፣ ይሰበራልም። መስታወት የሚመስለውን ግልጽ የፕላስቲክ ሉህ አትግዛ፤ ከታች በእንፋሎት እየራሰ ከላይ እየደረቀ በሳምንታት ውስጥ ይጎብጣል። መስታወቱ በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘንብል፤ የሚጠራቀመው ጠብታ ወደ ውሃው እንጂ ወደ ማስቀመጫው እንጨት አይመለስ። ከኋላ ግን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተውለት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

2. ጀርባውንና ሁለቱን ጎኖች በፎም ልበጥ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎም ይበቃል፤ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መስታወቱን አጥበህ በደንብ አድርቅ፣ ፎሙን አስጠግተህ ዙሪያውን በፕላስተር ዝጋ። ጠርዙ ክፍት ከቀረ በመሃል እርጥበት ገብቶ ይሻግታል፤ ቀዝቃዛ አየርም እየገባ ፎሙን ከንቱ ያደርገዋል። ከአኳሪየሙ ሥር ፎም ማስገባት የሚቻለው ባዶ ሳለ ብቻ ስለሆነ ያን አሁን እርሳው። የፊቱ መስታወት እንዳለ ይቅር፤ ዓሣህን ማየት አለብህ።

ይህን ስትጨርስ ብክነቱ ከ270 ወደ 115 ዋት አካባቢ ይወርዳል። ሳሎኑ ሙሉ ቀን 15 ቢሆን እንኳ በቀን 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረው 2.8 ይሆናል። የቤት ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ ስለሚወጣ፣ የምታድነው ከላይኛው ውድ ደረጃ ላይ ያለውን ነው። ሳሎኑን ለማሞቅ 2000 ዋት የሚበላ ማሞቂያ ማብራት ለምን ስሕተት እንደሆነ ከዚህ ይታይሃል።

3. ሂተር። ሻጩ "በሊትር አንድ ዋት" ይልሃል እንጂ ክፍልህ ስንት ዲግሪ ነው፣ ክዳን አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ብዙ ሰው ዓሣውን አጥቷል፤ በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሂተር ሲበላሽ ሁልጊዜ ጠፍቶ አይቀርም። ውስጡ ያሉት ሁለት የብረት ነጥቦች በሚበሩበትና በሚጠፉበት ቁጥር ብልጭታ ይፈጥራሉ፤ አንድ ቀን ይጣበቁና ሂተሩ ሳይጠፋ ይቀራል። በፎም በተለበጠ አኳሪየም ውስጥ ባለ 500 ዋት እንዲህ ቢጣበቅ ውሃው በሰዓት ከ0.75 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 26 የነበረው ጠዋት 33 ይሆናል። ባለ 150 ቢጣበቅ ግን ክፍሉ 15 ሆኖ ሳለ ውሃው 29 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን በራሱ ያቆማል፤ ቀን ክፍሉ ሞቅ ቢል እንኳ በሰዓት ከ0.2 ዲግሪ በታች ነው የሚጨምረው፤ ተርሞሜትሩን አይተህ ትደርስበታለህ።

ስለዚህ ባለ 150 ሁለት ግዛ። አንዱን 26፣ ሌላውን 25 ላይ አድርግ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ብቻውን ሌሊቱን ያደርስሃል። አንዱን ከፊልተሩ መውጫ አጠገብ፣ ሌላውን በተቃራኒው ጫፍ፣ ሁለቱንም ዝቅ አድርገህ አጋድም፤ አሸዋው ውስጥ አይቀበሩ። ተርሞሜትሩ ከሁለቱም ይራቅ፤ ከሂተር ጎን ያለ ተርሞሜትር የሂተሩን ሙቀት እንጂ የዓሣውን አይነግርህም። ሂተር ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አትመን፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ የሚስት ብዙ ነው።

ባለ ሴንሰር የውጭ ተርሞስታት (የውሃውን ሙቀት እያነበበ ሂተሮቹን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ካከልክበት እሰየው፤ እርሱን 26፣ ሂተሮቹን 27 ላይ ታደርጋለህ። ግን ሴንሰሩን በመምጠጫ ጎማ ብቻ አትተወው። ጎማው ይደርቅና ይለቃል፤ ወይም ውሃ ስትቀይር ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል። ያኔ የሚያነበው የሳሎኑን 15 ዲግሪ ነው፤ ውሃው ቀዝቅዟል ብሎ ሳያቋርጥ ያነድዳል። የሂተሮቹን የራሳቸውን ማስተካከያ መጨረሻ ላይ ያደረገ ሰው ያን ጊዜ የሚያድነው ነገር የለም። ሽቦውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከፊልተሩ ቱቦ ጋር አስረው።

ውሃ መቀየር ላይ ዋናው ነገር ስፒናውን ነቅለህ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የጋለ የሂተር መስታወት አየር ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ አንዳንዴ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ አይታይህም፣ እጅህን ስትከት መብራት ይይዝሃል። ሽቦው ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ዞሮ ይግባ፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ ዲቫይደር ውስጥ እንዳይገባ። ዲቫይደሩም መሬት ላይ አይቀመጥ። የምትጨምረውን ውሃ አሙቀው፦ 16 ዲግሪ የሆነ 100 ሊትር በአንዴ ብትከት 26 የነበረው 23.5 ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ሊትር ይሻላል፤ ለ35 ሊትር የቧንቧ ውሃ 5 ሊትር የፈላ ቀላቅልበት፣ ወደ 25 ተኩል ይመጣል። ክሎሪን ማጥፊያውን አትርሳ።

ክፍተቱን ተው ያልኩህ በኦክስጅን ምክንያት ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። 26 ዲግሪ ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ከ6 ብዙም አይበልጥም። ክዳን ገጥመህ ኤርፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋውን) ብታጠፋ ዓሣው ጠዋት ላይ ውሃው አናት ላይ አፉን ሲከፍት ታገኘዋለህ።

መብራት ሲጠፋም የሚቀድመው አየር ነው። በክዳንና በፎም ውሃው በሰዓት ሩብ ዲግሪ ነው የሚቀንሰው፤ እንደ ድሮው ክፍት ቢሆን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ቢጠፋ አንድ ተኩል ዲግሪ ነው፤ ዓሣው ይችለዋል። ባትሪ ካለህ ለሂተር አታባክነው፤ 5 ዋት ለሚበላ ኤርፓምፕ ስጠው። ከዚያ በላይ ከቆየ 60 ዲግሪ ውሃ የሞላህባቸውን አምስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ክዳናቸውን አጥብቀህ ውሃው ላይ አንሳፍፍ፤ አንድ ዲግሪ ገደማ ይመልሱልሃል። የፈላ ውሃ ሃይላንዱን ያኮማትረዋል። የውጭ ፊልተርህ ለሰዓታት ቆሞ ከቆየ ሳትከፍት አታስነሳው፤ ውስጡ የሸተተውን ውሃ ደፍተህ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቀህ መልሰው።

ምን ዓይነት ዓሣ እንደያዝክ አልጻፍክም። ጎልድፊሽ ከሆነ 20 ይበቃዋል፣ ሂተሩም ሳያስፈልግህ ይቀራል። ጉፒና ፕላቲ በ24 ደስተኞች ናቸው፤ ከ26 ወደ 24 መውረድ ብቻውን 18 በመቶ ያህል ይቀንስልሃል። ኤንጀልፊሽ 26 ይሁንለት። ዲስከስ ከሆነ 28 ስለሚፈልግ ከባለ 150 ይልቅ ሁለት ባለ 200 ውሰድ። መጀመሪያ ክዳኑን ብቻ ገጥመህ ማታ ሦስት ሰዓትና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የውሃውንም የሳሎኑንም ዲግሪ ለሁለት ሌሊት ለካና ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልን፤ 3 ሴንቲ ሜትር ፎም ይበቃህ እንደሆነ አብረን እናሰላዋለን።