ካርቦናራው እንቁላል ፍርፍር ለሆነብህ

«ካርቦናራ (በእንቁላል፣ በአይብና በሥጋ የሚሠራ የሮም ፓስታ ነው) በሠራሁ ቁጥር እንቁላሉ ፍርፍር ይሆንብኛል» ላልከው፦ ጥፋቱ የእሳቱ ነው። እንቁላሉ የሚገባው ምድጃው ከጠፋ በኋላ ነው።

1. አስኳሉን ከተፈቀፈቀ ፔኮሪኖ (የበግ ወተት አይብ ነው) እና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ምታው።
2. ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ አትድፋ። አንድ ስኒ አስቀር።
3. ፓስታውን ከተጠበሰው ሥጋ ጋር አዋህድና እሳቱን አጥፋ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ከዚያ እንቁላሉን ጨምረህ ቶሎ ቶሎ አማስል፤ ከወፈረብህ ካስቀረኸው ውሃ ጠብ እያደረግህ አቅጥነው።

ክሬም እርሳው፤ ሮም ውስጥ አይገባበትም። ሥጋው እዚያ የአሳማ ጉንጭ ነው። አሳማ ካልበላህ ስብ ያለው የበሬ ሥጋ ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን ይለያል።

ጨው ላይ ተጠንቀቅ። አይቡ ራሱ ጨዋማ ነው። እኔ ውሃውን እንደ ልማዴ ጨው አብዝቼበት፣ ሦስት እንግዳ ጋብዤ ሳህኑን የጨረሰ አልነበረም።