መድኃኒት ስጀምር ሽፍታው ባሰብኝ፤ ላቁመው?

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት እጄና እግሬ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ነበረብኝ፤ ችፌ ነው እያልኩ ቅባት ስቀያይር ከረምኩ። መድኃኒት ከጀመርኩ ወር ከምናምን ሆኖኛል። ሽፍታው ጭራሽ ባሰበት። ትናንት ደግሞ ጎኔ ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ የሚያቃጥል ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣብኝ። መድኃኒቱ አልተስማማኝም መሰለኝ። ላቁመው?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ በራስሽ ፈቃድ አታቁሚው፣ እህቴ። ዝም ብለሽም አትቀመጪ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። የጎንሽ አልማዝ ባለጭራ ይመስላል። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ዓይን አካባቢ ቢሆን ኖሮማ ጭራሽ ለነገ አይባልም።

ለምን አሁን? ተዳክሞ የቆየው የመከላከል አቅምሽ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ስትጀምሪ ይነቃና እስከዛሬ ችላ ያለውን ጀርም ሁሉ መዋጋት ይጀምራል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ቆዳ የሚብስባቸው ሰዎች አሉ። ያስደነግጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው።

የቆየው የእጅና የእግር ሽፍታ ሲዲ ፎር፣ ማለትም የመከላከል አቅምን የሚያሳየው የነጭ ደም ሴል ቁጥር፣ ከ200 በታች ሲወርድ የሚበዛው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ሰውነት ለነፍሳት ንክሻ ከልክ በላይ ሲቆጣ የሚመጣ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሕክምናው ሲቀጥል በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ጥቁር ጠባሳው ግን ቶሎ አይለቅም። እስከዚያው ማሳከኩን የሚያስታግስ ነገር ይታዘዝልሽ።

መድኃኒት ራሱ አለርጂ የሚያመጣበት ጊዜም አለ፣ አልክድም። ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ኔቪራፒንና አባካቪር በዚህ ይታወቃሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዝ አብሮ የሚታዘዘውን ኮትሪሞክሳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ነው፤ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሽፍታ ማምጣት ይወዳል፣ ጥፋቱ ግን በፀረ ኤችአይቪው ይሳበባል። ትኩሳት ከመጣ፣ አፍሽ ወይም ዓይንሽ ከቆሰለ፣ ቆዳሽ ከተላጠ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። በአባካቪር አለርጂ ምክንያት ሐኪም ያስቆመው ሰው ደግሞ መልሶ ከጀመረው ሊሞት ይችላል፤ ይህ ቀልድ የለውም።

ሌላው፣ የማያሳክክና የማያም ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ እብጠት ካየሽ፣ በተለይ አፍ ውስጥ፣ ሳትደብቂ አሳዪ። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር እንዲያ ነው የሚጀምረው።

ስትሄጂ የምትወስጂውን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፣ ከጎረቤት የተዋስሽው ቅባትም ካለ እሱንም።