ሰማያዊዋ ብልቃጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያምናዋን እኔን ነው ያየሁት። ለተወለመው ቁርጭምጭሚትሽ፣ ከወሊድ በኋላ ለመጣብሽ ማድያትና ለዓይንሽ ሥር መሸብሸብ ብለሽ፣ ሦስት ፔፕታይድ (አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች) የተቀላቀለበት መርፌ ከዱባይ ሊመጣልሽ ነው። «ልጀምረው ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ጀምሬው ነበር።

«ግሎው» የሚሉት ነው አይደል? ቢፒሲ-157፣ ቲቢ-500 እና ጂኤችኬ-ኮፐር ያለበት። ሰማያዊ የሚያደርገው የመጨረሻው ውስጥ ያለው መዳብ ነው። ሲያዩት ያምራል። ብልቃጧ ላይ ግን በደቃቅ ጽሑፍ «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው የማይውል» ይላል። ያነበብኩት ከተወጋሁ በኋላ ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ዱቄት አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ሄዶ ሁለት ቀን ቀረ። ብልቃጧ ከቀለጠ ሥጋ ጎን ለብ ብላ ሰነበተች። ብሩ አሳሳኝና ቀጠልኩ። ሆዴ ላይ የወጋሁት ቦታ የእንቁላል ያህል አበጠ፣ ቀላ፣ ትኩሳትም ጀመረኝ። ሐኪሙ ብልቃጧን አገላብጦ አየና «ከሦስቱ የትኛው ነው? ወይስ የተበጠበጠበት ውሃ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? የመቀላቀል ጣጣው ይሄ ነው። ቢያሽልሽም ቢያምሽም የየትኛው ሥራ እንደሆነ አታውቂም። አንቲባዮቲክ ጨርሼ ዳንኩ።

ቢፒሲ «ቁስል ያድናል» የሚባለው በአብዛኛው በአይጥ ላይ ታይቶ ነው። አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ይገፋል ስለሚባል፣ ካንሰር ላለበት ሰው ያሰጋል። ሯጭ ዘመድ ካለሽ ደግሞ አደራ አታቅምሺው፤ ቢፒሲም ቲቢ-500ም በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የተከለከሉ ናቸው።

ጂኤችኬን ግን አልጠላሁትም። በ1973 እ.ኤ.አ. ከሰው ደም ውስጥ የተገኘ ነው፤ በሴረም (ቀጭን የፊት ቅባት) መልክ ፊት ላይ ሲቀባ ሌላ ነገር ነው። ማታ ማታ እቀባዋለሁ፣ ቫይታሚን ሲውን ለጠዋት አደርገዋለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አልደርባቸውም። ቆዳዬ ለስለስ ብሏል፣ ተአምር ግን የለም። ማድያቴን ንክች አላደረገውም። ለሱ የጠቀመኝ ሰንስክሪንና ሰፊ ባርኔጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። እኛ ሠፈር ደግሞ ታክሲ የሚጠበቀው ጥላ በሌለበት ነው።

ቁርጭምጭሚቴን ያዳነው ፊዚዮቴራፒ ነው። ጥርሴን እየቦረሽኩ በአንድ እግሬ እቆም ነበር። ልጆቼ ሽመላ ብለው ስም አወጡልኝ።

በይ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ጡት ታጠቢያለሽ እንዴ? እሱን አልጻፍሽም። ከሆነ መርፌውን እንዳትነኪው፣ የምትቀቢውንም ለሐኪምሽ አሳዪ።