«እኔ ብሆን» ያለ ይቀጣል

በዚህ ሳምንት የጻፉልኝ ሰዎች መካሪ አላጡም። መካሪ በዝቶባቸው ነው የተቸገሩት።

ዲቪ ደርሶኛል። እናቴ ብቻዋን ናት። እህቴ «ሂጂ» ትለኛለች፣ አጎቴ «እናትሽን ጥለሽ?» ይለኛል፣ ባልደረቦቼ ደግሞ «አብደሻል እንዴ!» ይላሉ። ማንን ልስማ? (መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)

ለጊዜው ማንንም። ምክር ጠግበሻል፤ የጎደለሽ ጠያቂ ነው። ክዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የወረሱት አንድ ልማድ አላቸው። መጀመሪያ ለመጋባት የተስማሙ ጥንዶችን የሚመረምሩበት ነበር፤ ዛሬ ለማንኛውም ከባድ ውሳኔ ይጠቀሙበታል። ባለጉዳዩ የሚያምናቸውን አምስት ስድስት ሰዎች ይጠራል፣ ጭንቀቱንም አስቀድሞ ጽፎ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል። መምከር የለም፣ የራስን ታሪክ ማውራት የለም፣ «አይዞህ» እንኳ የለም። እዚያ የተባለውም ከዚያ ቤት አይወጣም።

ከሽምግልና ጋር እንዳታምታቺው። ሽማግሌ የሚቀመጠው የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ነው፤ አንቺ የተጣላሽው ከራስሽ ጋር ነው።

እኛም አንዴ አንዲት ጓደኛችን ቤት ሞክረነው ነበር፤ የአባቷን ቤት ልሽጥ አልሽጥ ጨንቋት። አቦሉ ላይ ሁላችንም ጨዋ ነበርን። ቶናው ሲቀዳ አንዱ «ሸጠሽ ብትገላገይ አይሻልሽም?» አለ። ምክር ነው፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ስላለ ጥያቄ አይሆንም። «እኔ ብሆን» ያለ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር የጠየቀ ሃምሳ ብር ይቀጣ ብለን ተስማማንና በረካው ሳይደርስ ሁለት መቶ ብር ተሰበሰበ። መቶው የኔ ነው። የሠራው ጥያቄ የመጣው እስከዚያ ድረስ ስኳር ከማቀበል በቀር ድምፅዋ ካልተሰማው ሴት ነበር፦ «ያንን ቤት ስታስቢ መጀመሪያ የሚመጣብሽ የትኛው ክፍል ነው?» ጓደኛችን ሲኒዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ማናችንም ዝምታውን አልሞላነውም፤ ይሄም ከደንቡ አንዱ ነው።

እናትሽን ከጠያቂዎቹ ጋር አታስቀምጫት። ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ በጻፍሽልኝ ሁለት ገጽ ውስጥ የእሷ ቃል አንድም የለም። ደግሞ የዲቪ ቪዛ በፕሮግራሙ ዓመት ማብቂያ፣ ማለትም እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ካልተሰጠ ዕድሉ ያበቃል። ስለዚህ «እስቲ ይቆይ» ማለትሽም እንደ ውሳኔ ይቆጠራል።

የእናታችን ምርመራ ካንሰር ሆነ። አዲስ አበባ ያለነው እንዳይነገራት ተስማምተናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ግን «ካልነገራችኋት እኔ ደውዬ እነግራታለሁ» ብሏል።

ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉና ወረቀት አውጡ፤ መሐሉ ላይ መስቀለኛ መስመር አስምራችሁ ለአራት ክፈሉት። ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ለሐኪሞች ያዘጋጁት ዘዴ ነው። በአንደኛው ሳጥን ሐኪሙ ስለ ሕመሙና ሕክምናው የሚለውን፣ በሁለተኛው ታማሚዋ የምትፈልገውን፣ በሦስተኛው ሕክምናው ኑሮዋን ምን እንደሚያደርገው፣ በአራተኛው የዙሪያውን ነገር ሁሉ ትጽፋላችሁ፤ ገንዘቡን፣ እምነቱን፣ አስታማሚውን፣ ሕጉን። ወንድማችሁም እናንተም እየተቀባበላችሁ ሙሉ።

አራተኛው እንደሚሞላና ቦታ እንደሚያጥራችሁ አልጠራጠርም። ሁለተኛው ባዶ ይሆናል። እናንተ «አትችለውም» ብላችኋል፣ እሱ «መብቷ ነው» ብሏል፤ እሷን የጠየቀ የለም።

መጠየቅ ደግሞ መንገር አይደለም። አንዳችሁ አጠገቧ ቁጭ በሉና «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለኛ ይንገረን?» በሏት። «ለናንተ ይንገራችሁ» ካለች ወንድማችሁ ስልኩን ያስቀምጥ፤ ላለመስማትም መብት አላት። «ልስማ» ካለች እናንተ ከመንገዱ ገለል በሉ። ብቻ በዘፈቀደ በስልክ አይሁን። እኛ መርዶ እንኳ ሰው ሰብስበን፣ ማለዳ ገስግሰን፣ በወግ የምናረዳ ሰዎች ነን፤ ይህቺ ሴት ደግሞ በሕይወት ያለች ናት። ሐኪሟ ይንገራት፣ እናንተ እጇን ያዙ።

ታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ያስፈልገዋል። እሁድ ቤተሰቡ ሊሰበሰብ ነው፤ ስሜ እንደሚጠራ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ። (29 ዓመቴ ነው)

እዚህ ላይ የቤተሰብ ስብሰባ መጥፎ መሣሪያ ነው። ወንድምህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ዳያሊሲስ ላይ የሚተኛ ሰው ነው፤ እሱና እናትህ ፊት ለፊትህ ተቀምጠው ማን ነው «አይ» የሚል? በአገራችን ንቅለ ተከላው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ጀምሮ ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጫናውም የሚመጣው ከዚያው ከቅርብ ነው።

እሁድ «ሐኪም ሳላነጋግር ምንም አልልም» በልና ዝም በል። ከዚያ ብቻህን ሂድ። በዚህ ሕክምና ሰጪውን ከታማሚው ለይቶ ማነጋገር የተለመደ አሠራር ነው። ኦፕራሲዮኑ እስኪጀመር ድረስም ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ። ካልፈለግህ ሐኪሞቹ ምክንያቱን ሳይዘረዝሩ «ለመስጠት አይሆንም» ብቻ ብለው ሊያሳውቁልህ ይችላሉ፤ ይህንን መጀመሪያውኑ ጠይቃቸው። ፍርሃትህንም ንገራቸው። ግማሹ መረጃ ሲገኝ የሚለቅ ፍርሃት ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ ላይለቅ ይችላል። ሁለቱንም ለይተህ ከወጣህ በኋላ ስጥ ወይም አትስጥ።

የእቁባችን ጸሐፊ ነኝ። ዳኛው ዕጣውን ለአማቹ እንዳዞረ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎች ሰብስቤ ልመካከርበት?

ምን ብለው ሊመካከሩ? ይሄ እኮ እንቆቅልሽ አይደለም። ለዳኛው ለብቻው ይንገሩት፤ እስከሚቀጥለው ዕጣ ራሱ ለአባላቱ ካልተናገረ እርስዎ እንደሚናገሩም ጨምረው። መዝገቡ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ ነው።