ካውንቲያችን ለአየር ንብረት የገባው ቃል በምን ይለካል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ የሕንፃዎችን የኃይል ፍጆታ መመዝገብና ማስላት ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወጣቸውን ሕጎች ለዓመታት ተከታትያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን "ይሄ ሁሉ ዕቅድ እኛን ምን አገባን?" ብሎ ስለጠየቀ፣ ሌሎቻችሁም ያላችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካውንቲው በትክክል ቃል የገባው ምንድን ነው?

ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2017 የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ መኖሩን በውሳኔ አወጀ። ግቡ የካውንቲውን ልቀት፣ ማለትም ወደ አየር የሚለቀቁትን ሙቀት አማቂ ጋዞች፣ ከ2005 መጠን አንጻር በ2027 በ80 በመቶ መቀነስ፣ በ2035 ደግሞ ጨርሶ ማስወገድ ነው። በጁን 2021 ደግሞ 86 ተግባራትን የያዘ ዕቅድ ወጣ። እንዲህ ያለ ውሳኔ የአቋም መግለጫ ስለሆነ ብቻውን ማንንም አያስገድድም። የሚያስገድዱት ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ የወጡት ሕጎችና በየዓመቱ የሚጸድቀው በጀት ናቸው። ስለዚህ ሰው "ግባችን ይህ ነው" ሲለኝ ቀጥዬ የምጠይቀው የትኛው ሕግና የትኛው የበጀት መስመር እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ልቀቱን ማን ነው የሚለካው? ሰማይ ላይ የተሰቀለ ቆጣሪ የለ!

ልክ ነህ፣ የለም። ከካውንቲው ሰማይ ላይ ጋዝ የሚመዝን መሣሪያ የለም። ቁጥሩ የሚገኘው በስሌት ነው፤ ስሌቱን ለመላው አካባቢ የሚያዘጋጀው የዋሽንግተን ዙሪያ ከተሞችና ካውንቲዎች በጋራ ያቋቋሙት የመንግሥታት ምክር ቤት ነው። በአንድ መዝገብና በአንድ ዘዴ ስለሚሠራ የእኛን ቁጥር ከጎረቤት ካውንቲ ጋር ማወዳደር ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎች በካውንቲው ውስጥ በዓመት ምን ያህል እንደሸጡ ያስታውቃሉ። ያ መጠን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወይም አንድ መለኪያ ጋዝ በሚያስወጣው የካርበን ዳይኦክሳይድ መጠን ይባዛል። ለመኪና ደግሞ በመንገዶቻችን ላይ የተነዳው ርቀት ይገመትና ወደ ነዳጅ ይቀየራል። 1 ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል 8.9 ኪሎ ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋሎኑ ራሱ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ነዳጁ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚዋሃድ ነው። በዚህ ላይ ቆሻሻው፣ የፍሳሽ ማጣሪያውና እርሻው ይደመራሉ።

በ2018 መዝገብ መሠረት ከልቀታችን ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከሕንፃዎች ነው፤ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ከመጓጓዣ። ቆሻሻን ጨምሮ የቀረው ሁሉ ተደምሮ ከአሥር እጅ አንዱን አይበልጥም። ፕላስቲክ መለየት መልካም ነገር ነው። ግን የምድር ቤቱ ቦይለርና መኪናችን ካልተነኩ የካውንቲው ቁጥር ብዙም ፈቀቅ አይልም።

ጥያቄ፦ ከ2005 እስከ 2020 በ30 በመቶ ቀነሰ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ አለ፤ አተረጓጎሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 2020 ኮሮና ሁላችንንም ቤት ያስቀመጠበት ዓመት ነው። ቢሮው ተዘግቶ፣ አውራ ጎዳናው ጭር ብሎ የተገኘ ቅናሽ የፖሊሲ ውጤት አይደለም። ከኮሮና በፊት በ2018 የተመዘገበው ቅናሽ 19 በመቶ ገደማ ነበር፤ እኔ የምተማመንበት ይህን ነው።

ከዚህም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የመጣው የኤሌክትሪክ አመንጪዎች ከድንጋይ ከሰል እየወጡ ወደ ጋዝና ወደ ንጹሕ ምንጮች በመሄዳቸው ነው። ያን ያደረገው ምክር ቤታችን አይደለም። በአንጻሩ የሕዝቡ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ማደጉ ልቀቱን ወደ ላይ ይስበዋል። እንግዲህ ጥሩ መለኪያ ሦስቱን ለያይቶ ማሳየት አለበት፤ ካውንቲው የሠራውን፣ ገበያው ያመጣውን፣ አጋጣሚ የፈጠረውን። በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ "ቀንሰናል" ማለት ሕዝብን ያዘናጋል። የ2027ቱ 80 በመቶ ግብም በዚህ አካሄድ ይደረሳል ብዬ አላምንም፤ ይህን ለምክር ቤት አባላትም ተናግሬአለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። አከራዩ ሕንፃውን እንዲያድስ በሕግ ይገደዳል አሉ። ወጪው ዞሮ እኔው ሬንት ላይ አይወድቅም?

እህቴ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሕጉ በ2022 የጸደቀው የሕንፃዎች የኃይል አፈጻጸም ደረጃ ነው። 25,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች ባለቤቶች ዓመታዊ ፍጆታቸውን ማስታወቅና በጊዜ ሂደት ከተቀመጠላቸው ወሰን በታች ማውረድ አለባቸው። የሚለካው ሕንፃው በአንድ ካሬ ጫማ በዓመት የሚፈጀው ኃይል ነው። አፓርትመንቶችም ይካተታሉ። በግሌ ከ86ቱ ተግባራት ሁሉ ለመለካት የሚመቸው ይህ ነው እላለሁ፤ በወሬ ሊሸፈን አይችልም፣ የሕንፃው ፍጆታ ከወሰኑ በታች ወርዷል ወይም አልወረደም።

ስጋትሽ ግን መሠረት አለው። በ2023 የወጣው የካውንቲው የኪራይ ሕግ ዓመታዊ ጭማሪን ቢበዛ 6 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ሆኖም ሁሉንም ሕንፃ አይሸፍንም፤ አዳዲሶቹ ነፃ ናቸው፣ ለትላልቅ እድሳትም አከራዮች ተጨማሪ ክፍያ ለማስፈቀድ የሚያመለክቱበት መንገድ አለ። ስለዚህ የሕንፃሽ አስተዳደር የእድሳት ማስታወቂያ ሲለጥፍ ለሥራው ከካውንቲው የአረንጓዴ ባንክ ብድር ወይም ድጋፍ ጠይቆ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ይህ ባንክ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ነው፤ ከ2022 ወዲህ ካውንቲው በኃይል ላይ ከሚሰበስበው ግብር 10 በመቶው ለእሱ ይመደባል። ያ ግብር ደግሞ በእኛው የመብራትና የጋዝ ቢል ላይ ያለ ነው። ገንዘቡ ከተከራዩ ኪስ የወጣ ከሆነ ለተከራዩ ቤት መዋሉም መለካት አለበት። "ስንት ሕንፃ ታደሰ" ይባላል እንጂ "ከታደሰ በኋላ ስንት ቤተሰብ እዚያው መኖር ቻለ" ሲባል አልሰማሁም።

ጥያቄ፦ ባስ ነጂ ነኝ። የኤሌክትሪክ ባሶች መግዛታቸው ለውጥ ያመጣል ወይስ ለፎቶ ነው?

ያመጣል፣ ግን የባሱ ብዛት አይደለም መለኪያው። የሚቆጠረው ያልተቃጠለው ናፍጣ ነው። ጋራዥ ውስጥ የቆመ የኤሌክትሪክ ባስ ልቀት አይቀንስም፤ የናፍጣውን መስመር ተክቶ ሲሮጥ ነው የሚቀንሰው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የብሩክቪል ጣቢያ በ2022 ሲከፈት የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ይዞ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ባሶቹን ቻርጅ ለማድረግ የተፈጥሮ ጋዝ ጄኔሬተሮችም አሉት። የእነዚህ ጄኔሬተሮች ልቀትም በመዝገቡ ውስጥ መታየት አለበት። የካውንቲው ባስ አገልግሎት ራይድ ኦን ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆኗል፤ አሁን መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው መኪናውን ትቶ እንደተሳፈረ ነው። ቀድሞም ባስ ይጠቀም የነበረው ሰው በነፃ መሳፈሩ ለኑሮው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የልቀት ቅናሽ ተብሎ ግን አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ወረዳ ውስጥ ነው የምሠራው። የእናንተ አሠራር ለእኛ ይሆናል?

ዘዴው ይሆናል፤ መልሱ ግን ይለያል። እዚህ መብራቱ የሚመነጨው ከጋዝ፣ ከኑክሌርና ከድንጋይ ከሰል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው። እኛ መብራት ስንቆጥብ ልቀት እንቀንሳለን። እናንተ ዘንድ ትልቁ ቅናሽ የሚገኘው ናፍጣና ከሰል የሚሠሩትን ሥራ ወደ መብራት በማዞር ነው፤ ያም መብራቱ ሳይቆራረጥ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ የመብራት መቋረጥ ሰዓት ለእናንተ የአየር ንብረት መለኪያ ነው። እንጀራዋን በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር እናት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ማገዶና ከሰል ትመለሳለች።

ከሰል ላይ የሒሳብ ወጥመድም አለ። ከተሞች በሚከተሉት የአቆጣጠር ደንብ ከእንጨትና ከከሰል የሚወጣው ካርበን ዳይኦክሳይድ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ከዋናው ድምር አይገባም፤ የሚገባው ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ነው። ጫካው የተመነጠረው ደግሞ ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ መዝገብ ንጹሕ ይመስላል። ወረዳችሁ ሐቀኛ መሆን ከፈለገ "ስንት ቤት አሁንም በከሰል ያበስላል?" የሚለውን ቤት ለቤት ይቁጠር።

ቆሻሻውን አትርሱ። አየር በማያገኝ ክምር ውስጥ የሚበሰብስ የምግብ ትራፊ ሚቴን ያመነጫል፤ ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርበን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ቆሼ በማርች 2017 ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ የቆሻሻ አያያዝ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሁላችንም አይተናል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ወደ ክምሩ ሳይሄድ ኮምፖስት የሆነው ቆሻሻ በኪሎ ቢመዘን ለወረዳ የሚመች፣ ርካሽ መለኪያ ነው።

ችግኝንም በተመለከተ፣ የተተከለው ሪፖርት ይደረጋል፣ የጸደቀው ግን ይረሳል። ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚቆጥር ሰውና የውሎ አበሉ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ አገሩ ሁሉ ወጥቶ የተከለው ድካም ውሃ በማጣት ሲደርቅ ያሳዝናል። አዲስ አበባ በ2027 ሠላሳ ሁለተኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች፤ ለእንግዶች የሚቀርበው ቁጥር የጸደቀው ቢሆን እመኛለሁ።

ጥያቄ፦ ለንደን ያለነውስ?

በአጭሩ፣ ከብሪታንያ ካውንስሎች የአየር ንብረት አስቸኳይ ጊዜን ቀድሞ ያወጀው ብሪስቶል ነው፣ በኖቬምበር 2018። ከዚያ ወዲህ ከ300 በላይ ተከትለውታል። የየአካባቢውን ልቀት አስልቶ የሚያወጣው ማዕከላዊው መንግሥት ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ካውንስላችሁ የዘንድሮን ሥራ በዘንድሮ ቁጥር አሳየሁ ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልቀት ብቻ ነው የሚለካው? ጎርፉስ?

በሴፕቴምበር 2021 የአይዳ ማዕበል ቅሪት ሮክቪል ላይ የምድር ቤት አፓርትመንቶችን አጥለቅልቆ የ19 ዓመት ወጣት ሞቷል። ብዙ ስደተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከዚያ በኋላ ካውንቲው አጠቃላይ የጎርፍ ዕቅድ ማዘጋጀት ጀመረ። ለጎርፍ መለኪያው ስንት ቦይ ተጠረገ ብቻ መሆን የለበትም፤ ማስጠንቀቂያው ከውኃው ስንት ሰዓት ቀድሞ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለስንት ቤት ደረሰ የሚለው ነው። የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ፤ በኦገስት 2006 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ተኝተው ሳሉ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ምክር ቤቱ ፊት ቀርቤ መናገር እችላለሁ?

ይችላሉ፣ አባቴ። የካውንቲው ዋና አስፈጻሚ በጀቱን የሚልከው በማርች አጋማሽ ነው፤ ምክር ቤቱ በኤፕሪል የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ በሜይ መጨረሻ ያጸድቃል፣ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። አማርኛ ካውንቲው አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ለመናገር ሲመዘገቡ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሯቸው። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ንግግርዎን አንድ ነገር ላይ ያድርጉት። ሌላም ይወቁ፤ በ2022 በወጣ ሕግ መሠረት ምክር ቤቱ የሚያየው እያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ በአየር ንብረት ላይ ያለው ተጽዕኖ የተገመገመበት ጽሑፍ ተያይዞ ይቀርባል። ልጆችዎ ወይም የልጅ ልጆችዎ ያንን ያንብቡልዎት፤ የሚናገሩትን እዚያ ውስጥ ያገኙታል።