ጋቢውን ገልጣችሁ ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ አንኮበርና ሸዋ ሮቢት ለምትመደቡ ነርሶች ነው የምጽፈው።

በትንፋሽ ልጀምር። የታካሚዎችን ቻርት ብትገልጡ ትንፋሽ በየገጹ በደቂቃ 20 ነው። ትኩሳት ላለበትም 20፣ አስም ለያዛትም 20። ሳይቆጠር የተጻፈ ነው። አገራችን ብርድ ነው፤ ታካሚው ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ስለሚተኛ ደረቱ አይታይም፣ መግለጡም ያሳፍራል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ጽፌያለሁ። ከመንዝ በቃሬዛ የመጣች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የደም ግፊቷ አሻቅቦ አንዘፍዝፏት ስለነበር ማግኒዚየም ሰልፌት በየ4 ሰዓቱ ትወጋለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 20 ብዬ ጻፍኩና መርፌውን ቀዳሁ። አብራኝ ያደረችው አዋላጅ ግን ጋቢውን ገለጠች፤ ሰዓቷን እያየች ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 10 ብቻ! ጉልበቷን በመዶሻ ብትመታው እግሯ አልተነቃነቀም። መድኃኒቱ በዝቶባት ነበርና መርፌው ቀረ፤ ማርከሻው፣ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት፣ በደም ሥሯ በቀስታ ተሰጣት። እሷ ተረፈች። ያ 20 ግን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ትንፋሽ ከ16 ካነሰ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ካልተነቃነቀ፣ ወይም የ4 ሰዓት ሽንት 120 ሚሊ ሊትር ካልሞላ ያን መርፌ አትስጡ፤ ካልሲየሙም ከአጠገባችሁ አይራቅ።

የኦክስጅን መለኪያውንም ቢሆን በቀዘቀዘ ጣት ላይ አትመኑት፤ መጀመሪያ ጣቱን አሙቁት።

«እማማ፣ አስካለ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። በደንብ ባይሰሙም ለአክብሮት ሲሉ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሏቸውና ከካርዱ ጋር አመሳክሩ። ፔኒሲሊን ከመስጠታችሁ በፊትም «አለርጂ አለብዎት?» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ «መርፌ ተወግተው ሰውነትዎን አሳክኮዎት፣ ፊትዎ አብጦ ያውቃል?» ስትሉ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ደጋ ላይ ትኩሳት ይዞት ለሚመጣም «ሰሞኑን ቆላ ወርደህ ነበር?» በሉት። ለሥራ ሸዋ ሮቢት ሰንብቶ፣ ወባዋ ቤቱ ከገባ በኋላ የምትነሣበት ብዙ ነው።

ጻድቃኔ ማርያም ጸበል እሄዳለሁ የሚላችሁን የስኳር ታካሚ ደግሞ አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ እህል የሚቀምሰው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁት። ተወግቶ ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል። ለሐኪሙ ንገሩና መጠኑም ሰዓቱም ከመንገዱ በፊት ይስተካከልለት።